ባጃጁ ሙን ላይ ለምን ይገለበጣል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከርባል ስፔስ ፕሮግራም በሚባለው የጠፈር ጉዞ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ባጃጅ የመሰለ ሮቨር (የጠፈር መኪና) ሠርቻለሁ። ፊት አንድ ጎማ፣ ኋላ ሁለት፣ መሀል ላይ ማርክ 1 ኮማንድ ፖድ (ጠፈርተኛው የሚቀመጥበት መቆጣጠሪያ ክፍል) አለው። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል 1.6 ሜትር ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2 ሜትር። ክብደቱ 1.5 ቶን። የጨዋታው ምድር በሆነችው ከርቢን ላይ በአውሮፕላን መንደርደሪያው ስነዳው ምንም አይለውም። የጨዋታው ጨረቃ በሆነው ሙን ላይ ግን ገና ወደፊት ልነዳው ስል አፍንጫው ይደፋል፣ ኋላው ይነሳል። ስጠመዝዝ ይገለበጣል። እየጠመዘዝኩ ፍሬን ከያዝኩማ አለቀልኝ። አንድ ጓደኛዬ ክብደት ጨምርበት አለኝ። ሌላው ሪአክሽን ዊል ግጠምለት አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ ሦስት እግር ለሙን አይሆንም፣ አራት አድርገው ይለኛል። የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ የሁለተኛውን ጓደኛህን ምክር ዛሬውኑ ተወው። ችግሩን እጥፍ የሚያደርገው እሱ ነው። የመጀመሪያው ምክር ግማሽ እውነት አለው። የሦስተኛው ትንሽ ያግዛል፤ ዋናውን ጥፋት ግን አይነካም። ባለ አራት ጎማ ሮቨሮችም በዚሁ ምክንያት ሙን ላይ ይገለበጣሉ።

አንተ ጋ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተደራርበዋል። አፍንጫው የሚደፋበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ስትጠመዝዝ የሚገለበጥበትም ሌላ። ለየብቻ ካላየሃቸው አንዱን ስታስተካክል ሌላው እየቀጠለ ግራ ያጋባሃል።

ከአፍንጫው ልጀምር። ሪአክሽን ዊል የሚባለው ዕቃ በውስጡ በሚሽከረከር ከባድ ጎማ አማካኝነት የጠፈር መንኮራኩርን ያለ ነዳጅ የሚያዞር መሣሪያ ነው። ጓደኛህ ግጠም ያለህ ዕቃ ባጃጅህ ላይ ቀድሞም አለ። ማርክ 1 ፖድ ውስጥ አብሮ የተሠራ ሪአክሽን ዊል አለ፤ ጉልበቱም 5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። ችግሩ የቁልፎቹ ነገር ነው። ጨዋታው ሲጫን ሮቨር መንጃዎቹና መንኮራኩር ማዞሪያዎቹ ያው አንድ ዓይነት ቁልፎች ናቸው። ደብሊውን ስትጫን ጎማዎቹ ወደፊት ይነዳሉ። በዚያው ቅጽበት ፖዱ «አፍንጫህን ወደ ታች ድፋ» የሚል ትዕዛዝ ይደርሰዋል። ታዛዥ ስለሆነ ይደፋል።

ታዲያ ከርቢን ላይ ለምን አልደፋውም? እዚህ ላይ ቁጥር ያስፈልጋል። ኋላው እንዳይነሳ የሚይዘው የሮቨሩ የራሱ ክብደት ነው። የክብደት ማዕከሉ መሀል ላይ ነው ብንል ከፊት ጎማው 1 ሜትር ይርቃል። ከርቢን ላይ ስበቱ 9.81 ስለሆነ 1.5 ሲባዛ በ9.81 ሲባዛ በ1፣ ወደ 14.7 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይመጣል። ፖዱ በ5 ቢገፋ ይህንን አያሸንፍም። አንተም ምንም አይታይህም። ሙን ላይ ስበቱ 1.63 ነው። ያው ስሌት 2.4 ብቻ ይሰጥሃል። የፖዱ ጉልበት ግን አልቀነሰም፤ ያው 5 ነው። ስበት ሲቀንስ ክብደት ይቀንሳል፣ ሪአክሽን ዊል ግን ስበት የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ከርቢን ላይ ተደብቆ የነበረው ጉልበት ሙን ላይ ሲደርስ ከክብደቱ በእጥፍ ይበልጣል። የጓደኛህን ሪአክሽን ዊል ብትጨምር፣ ትንሹ እንኳን ሌላ 5 ያመጣልሃል። 10 በ2.4 ላይ ማለት ነው።

ፖዱን እንዴት እንዳስቀመጥከውም እይ። ከላይ ያልኩት አፍንጫው ወደ ፊት ከተኛ ነው። እንደ ሮኬት ቀጥ አድርገህ አቁመኸው ከሆነ ጨዋታው «ፊት» የሚለው ሰማዩን ነው። ያኔ የግራና የቀኝ ቁልፎች ሮቨሩን ወደ ጎን ያዘነብሉታል። ወደ ጎን ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ሮኬት በሚገጠምበት አዳራሽ ሮቨር የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው። ሮቨር በአውሮፕላን መገጣጠሚያው ውስጥ ይሠራ። ወይም ወደ ፊት የተኛ ትንሽ የፕሮብ ኮር (ሰው አልባ መቆጣጠሪያ) ጨምርና «ከዚህ ተቆጣጠር» የሚለውን ምረጥ።

አንድ ነገር እዚህ ላስገባ፣ ምክንያቱም ጨዋታውን ተምሮበት ወደ እውነተኛው ምሕንድስና የሚያስብ ወጣት ይህን ማወቅ አለበት። የጨዋታው ሪአክሽን ዊል ከእውነተኛው ጋር አይገናኝም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከ400 ቶን በላይ ይመዝናል። አቅጣጫውን የሚጠብቁለት አራት ትልልቅ ጋይሮስኮፖች አሉት። የአንዱ ጉልበት 258 ኒውተን ሜትር ነው። የሀብል ቴሌስኮፕ ሪአክሽን ዊል ደግሞ አንድ ኒውተን ሜትር እንኳን አይሞላም። ያንተ ትንሽ ፖድ 5,000 ኒውተን ሜትር አለው። ስለዚህ አፍንጫው መደፋቱ የጨረቃ ጠባይ አይደለም፤ የጨዋታው ጠባይ ነው። ጨዋታው ለመጫወት እንዲመች ሆን ተብሎ እንደዚያ ተደርጓል። ሙን ራሱ ግን ለልምምድ ጥሩ ነው። ስፋቱ ከእውነተኛዋ ጨረቃ በጣም ያንሳል፤ ስበቱ ግን 1.63 በ1.62 ነው፣ አንድ ነው ማለት ይቻላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፖዱን በቀኝ ቁልፍ ተጭነህ የሪአክሽን ዊሉን አሠራር «ኤስኤኤስ ብቻ» ወደሚለው ቀይረው፤ ኤስኤኤስ የመንኮራኩሩን አቅጣጫ በራሱ የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። ከዚያ በኋላ የመንጃ ቁልፎችህ ፖዱን አያዙትም። በዚያው ቦታ ጉልበቱን በመቶኛ የሚቀንስ ማንሸራተቻም አለ፤ ለ1.5 ቶን ሮቨር 20 በመቶ ይበቃል። ይህ ካልተመቸህ ከዋናው ቅንብር ገብተህ የሮቨር ቁልፎችን ወደ አይ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል አዛውራቸው። እነዚያ በተለምዶ የትናንሽ ሞተሮች መግፊያ ናቸው፤ ባጃጅህ ላይ ደግሞ ትናንሽ ሞተር የለም።

ጭራሽ አጥፋው ግን አልልህም። ሪአክሽን ዊሉ ሁለት ቦታ ላይ ያድንሃል። አንደኛ፣ ጉብታ ዘለህ አየር ላይ ስትንሳፈፍ ሮቨሩን ሚዛን ላይ ይይዝልሃል። ሁለተኛ፣ ከተገለበጥክ፣ አሠራሩን ለጊዜው ወደ «ኖርማል» ስትመልሰው በእግሩ የሚያቆምህ እሱ ነው። ስለዚህ ማጥፊያና ማብሪያውን አንድ የአክሽን ግሩፕ ቁጥር (የመረጥከውን ትዕዛዝ በአንድ ቁልፍ የሚፈጽም) ላይ አስረው። ተዳፋት ላይ ስትነዳ ደግሞ ኤስኤኤሱን አጥፋ። ኤስኤኤስ የጀመረበትን አቅጣጫ ይዞ መቆየት ነው የሚፈልገው። መሬቱ ሲያዘነብል ሮቨሩም አብሮ ማዘንበል አለበት፤ ኤስኤኤስ ይህን አይቀበልም፣ ይታገልሃል።

አሁን ወደ መጠምዘዙ። ይሄኛው እውነተኛ ፊዚክስ ነው፤ ማንኛውም ባለ ሦስት እግር ላይ ይሠራል።

ባለ ሦስት ጎማ ሦስት ጉልቻ ላይ እንደተጣደ ድስት ነው። በጉልቻው በኩል ብትገፋው አይንቀሳቀስም፤ በሁለት ጉልቻ መሀል ባለው ክፍተት በኩል ሲገፋ ነው የሚደፋው። ሮቨርህ የሚገለበጠው ከፊት ጎማው ወደ አንዱ የኋላ ጎማ በሚሄደው መስመር ላይ ነው። ዋናው ጥያቄ የክብደት ማዕከሉ ከዚያ መስመር ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። ባለ አራት ጎማ ቢሆን ኖሮ ርቀቱ የስፋቱ ግማሽ፣ 0.8 ሜትር ይሆን ነበር። ባንተው ባጃጅ ግን ክብደቱ መሀል ላይ ስለሆነ ወደ 0.4 ሜትር ይወርዳል። ግማሹን አጣህ።

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ በየቀኑ ታያለህና እስቲ አስተውለው። ሞተሩ ያለው ኋላ ነው። ተሳፋሪ የሚቀመጠውም ኋላ፣ ከሁለቱ ጎማዎች አጠገብ ነው። ፊት ያለው ሾፌሩ ብቻ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ሦስት ማዕዘኑ ሰፊ በሆነበት በኩል ያርፋል። ሾፌሩ አጠገብ አንድ ሰው ሲደረብ ክብደቱ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይሸሻል፤ ኩርባ ላይ የሚያስፈራውም ያኔ ነው። አንተ የባጃጁን ቅርጽ ወሰድክ፣ የክብደት አቀማመጡን ግን ተውከው። ከባዱን ፖድ መሀል ላይ፣ ከፍ አድርገህ ሰቀልከው።

በቁጥር እንየው። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 0.8 ሜትር ከፍ ይላል እንበል፤ ማርክ 1 ፖድ ላይ የተሠራ ሮቨር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሊገለብጥህ የሚችለው የጎን ፍጥንጥነት ስበቱ ሲባዛ በ0.4 ሲካፈል ለ0.8፣ ማለትም የስበቱ ግማሽ ነው። 10 ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ ከርቢን ላይ በሴኮንድ 7 ሜትር ድረስ ትችላለህ፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሙን ላይ ገደቡ በሴኮንድ 2.9 ሜትር ነው፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንደርደሪያው ላይ በለመድከው ፍጥነት ሙን ላይ ከጠመዘዝክ መገልበጥህ የማይቀር ነው።

አሁን ባትሪዎቹን፣ ታንኩን፣ ከተቻለ ፖዱንም ወደ ኋላና ወደ ታች አውርዳቸው። የክብደት ማዕከሉ ከፊት ጎማው 1.5 ሜትር ቢርቅና ከመሬት 0.5 ሜትር ላይ ቢቀመጥ፣ ከመገልበጫው መስመር 0.6 ሜትር ይርቃል። ገደቡ ሙን ላይ ወደ 4.4 ሜትር በሴኮንድ ያድጋል። ክብደቱን 0.8 ሜትር ከፍታ ላይ የተወ ባለ አራት ጎማ ሮቨር ግን 4 ሜትር በሴኮንድ ላይ ይቆማል። ሦስት ጎማህን ሳትነካ የጓደኛህን አራት ጎማ በለጥከው ማለት ነው። ለዚህ ነው የሦስተኛውን ምክር ዋና መፍትሔ ያላደረግኩት። መገጣጠሚያው ውስጥ የክብደት ማዕከሉን የሚያሳየውን ቢጫና ጥቁር ኳስ አብራና ዕቃዎቹን ስታንቀሳቅስ ወዴት እንደሚሄድ ተከታተል።

ወደ ኋላ ስትገፋ ግን ልክ ይኑርህ። ማዕከሉ 1.5 ሜትር ላይ ሲሆን የፊት ጎማው የሚሸከመው የክብደቱን አንድ አራተኛ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ጎማው ይቀልና መሪህ አይሰማህም። ዳገት ላይ ደግሞ ወደ ኋላ መገልበጥ ይመጣል።

ክብደት ጨምር ያለህ ጓደኛህ ግማሽ እውነት አለው ያልኩት ለዚህ ነው። ኩርባ ላይ የሚገለብጠው ኃይልም፣ የሚይዘው ኃይልም እኩል በክብደቱ ይባዛሉ። ስለዚህ ክብደቱ ከስሌቱ ይወጣል። 1 ቶን ይሁን 10 ቶን፣ ቅርጹ አንድ ከሆነ የሚገለበጠው በአንድ ፍጥነት ነው። የተጨመረው ክብደት የሚረዳው ታች ሲቀመጥና ማዕከሉን ዝቅ ሲያደርግ ነው። ከፖዱ ጉልበት ጋር ለሚደረገው ትግልም ይረዳል፤ ያንን ግን በአንድ ቅንብር ያለ ምንም ክብደት ፈትተነዋል። ሙን ድረስ የሚሄድ እያንዳንዱ ኪሎ ከከርቢን ሲነሳ ብዙ ነዳጅ ያስከፍልሃል። ዝም ብለህ ድንጋይ አትጫን።

ስለ ፍሬኑ ባጭሩ። እየጠመዘዝክ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ጎን በአንዴ ይሄዳል። በዚያ ማዕዘን ላይ ባጃጅህ ጎማ የለውም። የፊቱን ጎማ ፍሬን ከኋለኞቹ በጣም ዝቅ አድርገው፤ መጀመሪያ ቀጥ አድርግ፣ ከዚያ ፍሬን ያዝ። የፊት ጎማውን የመሬት ቁንጠጣም (ፍሪክሽን፣ ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ኃይል) ከአውቶ አውጥተህ ትንሽ ቀንሰው። ያኔ በጣም ስትጠመዝዝ ከመገልበጥ ይልቅ ይንሸራተታል። መንሸራተት ሁልጊዜ ከመገልበጥ ይሻላል። ቅርጹን ለመቀየር ፈቃደኛ ብትሆን ኖሮ ሁለት ጎማ ፊት፣ አንድ ኋላ አድርገው እልህ ነበር። ከባለ ሦስት ጎማዎቹ ፍሬን ላይ የሚሻለው እሱ ነው። ባጃጅ መምሰሉ ግን ይቀራል፤ አንተ ደግሞ የፈለግከው ባጃጅ ነው፣ ትክክል ነህ።

አሁን ወደ ፍተሻው ልምጣ። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ስለሆነ ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ። መንደርደሪያ ላይ መንዳት ፍተሻ አይባልም። መንደርደሪያው ለጥ ያለ ነው፣ ስበቱም ስድስት እጥፍ ነው። ሮቨርህ እዚያ ማለፉ ስለ ሙን ምንም አይነግርህም። አልትና ኤፍ 12 ቁልፎችን አብረህ ስትጫን የሙከራ ሳጥን ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ስበትን የሚቀይር ማንሸራተቻ አለ። ወደ 0.17 አውርደውና ከመንደርደሪያው ወጥተህ ሣሩ ላይ ንዳ። እዛው ከርቢን ላይ ሆነህ የሙንን ጠባይ ታያለህ። አየሩ ስላለ በፍጥነት ስትሄድ ውጤቱ ትንሽ ይዛባል፤ በሴኮንድ 5 ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ አይታይም። ይህን «ማጭበርበር ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሮቨሩን ሙን ድረስ በሮኬት ወስደህ እዚያ መገልበጡን ማወቅ ጊዜ ማባከን ነው። ፍተሻው በሙከራ ሳጥኑ ይሁን፣ ጉዞው በእውነተኛው መንገድ።

ናሳም ተመሳሳይ ጣጣ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1971 በአፖሎ 15 ጨረቃ ላይ የወረደው ሮቨር 210 ኪሎ ብቻ ይመዝን ነበር፤ ሌላ 490 ኪሎ እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ ነው። ለጨረቃ ስበት ብቻ የተሠራ ስለነበር ምድር ላይ ሁለት ሰው አይችልም ነበር። ጠፈርተኞቹ የተለማመዱት ለምድር ስበት ተጠናክሮ በተሠራ ሌላ መኪና ነው። ያ መኪና መሪውንና መቆጣጠሪያውን አስተማራቸው፤ መንሳፈፉን ግን ሊያስተምራቸው አልቻለም። የጨረቃው ሮቨር ስፋት ከጎማ እስከ ጎማ 1.8 ሜትር ገደማ ነበር፤ ሰዎቹም መሳሪያዎቹም ዝቅ ብለው ነበር የሚቀመጡት። ይህ ሁሉ ተደርጎም ዩጂን ሰርናን በአፖሎ 17 ያስመዘገበው ትልቁ ፍጥነት በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነው። ሙን ላይ በ60 ልብረር የሚል ሰው ይህን ቁጥር ያስታውስ።

የመንሳፈፉን ነገር ቀለል አድርገህ አትየው። ጉብታ በሴኮንድ 2 ሜትር ወደ ላይ ቢወረውርህ ከርቢን ላይ 0.4 ሴኮንድ ውስጥ ትመለሳለህ። ሙን ላይ 2.5 ሴኮንድ ትንሳፈፋለህ። በዚያ ጊዜ ጎማ፣ መሪ፣ ፍሬን ምንም አይሠሩም። መሪውን እንደጠመዘዝክ ካረፍክ የምታርፈው ለመገልበጥ ነው። ሳትነካው ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ አድርግ።

ስትፈትሽ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። መጀመሪያ የፖዱን ቅንብር፣ ከዚያ የክብደቱን ቦታ፣ ከዚያ ፍሬኑን። ከእያንዳንዱ በፊት በኤፍ 5 አስቀምጥ፤ መብራት ቢሄድ እንኳን ከዚያው ትቀጥላለህ። ያንኑ ኩርባ በተመሳሳይ ፍጥነት ደጋግመህ ዙር፤ የተገለበጠበትን ፍጥነት ደብተር ላይ ጻፍ። ሁሉንም በአንዴ ከቀየርክ የቱ እንደሠራ አታውቀውም፤ የሚቀጥለው ሮቨርህ ላይ ያው ችግር ይመለስብሃል።

ጨዋታው የማይነግርህም ነገር አለ። የሙን መሬት ጨዋታው ላይ ጠንካራ ወለል ነው፤ እውነተኛዋ ጨረቃ በደቃቅ አቧራ የተሸፈነች ናት፣ ጎማም ይሰምጣል። የአፖሎ ጎማዎች ከተጠለፈ ሽቦ የተሠሩት በከፊል ለዚህ ነበር። የጎማው ቁንጠጣም ጨዋታው ውስጥ በግምት የተቀመጠ ነው። ስለዚህ እኔ የሰጠሁህን ቁጥሮች ከአንዱ ንድፍ ሌላውን ለመምረጥ ተጠቀምባቸው እንጂ እስከ ነጥብ ድረስ ይያዛሉ ብለህ አትጠብቅ። አንዳንዴ ደግሞ ሮቨሩ ገና ሲጫን ያለ ምክንያት ሊዘል ይችላል። ያ የንድፍህ ጥፋት አይደለም፤ በኤፍ 9 መልሰህ ጫነው።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይኸው። ሦስት ጎማህን ያዝ። ሪአክሽን ዊል አትጨምር፤ ያለውን «ኤስኤኤስ ብቻ» አድርገው። ባትሪውንና ታንኩን ከኋለኞቹ ጎማዎች መሀል፣ ከወለሉ ሥር እሰራቸው። ፖዱን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ሳበው። የኋላውን ስፋት ከ1.6 ወደ 2 ሜትር ማሳደግ ከቻልክ አሳድገው፤ ሁለት አጭር የብረት ዘንግ ይበቃሃል። ሣሩ ላይ በ0.17 ስበት 10 ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ በሴኮንድ 4 ሜትር ሳይገለበጥ ካለፈ ሙን ውሰደው። እዚያ ደርሰህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠመዝዝ ግን ከ3 አትለፍ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ከተገለበጠ፣ የቢጫውን ኳስ ከፍታ ከመሬትና ርቀቱን ከፊት ጎማው ለክተህ ላክልኝ፤ ፖዱ ወደየት እንደሚመለከትም ጨምርበት።